ቤቱ አዲስ፣ ሥራው አሮጌ፦ የባላራትን የወርቅ መንደር እንዴት እንይ?

እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ወሬያችን ባላራት ስላለው ስለ ሶቨሪን ሂል ሙዚየም ነው። በቀጥታ ወደ ወርቁ እንግባ።

በጁን 1858 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ውስጥ፣ ባላራት ላይ፣ ከእንግሊዝ ኮርንዎል የመጡ ቆፋሪዎች ከምድር በታች 55 ሜትር ላይ ሲሠሩ ከዋሻው ጣሪያ አንድ ድፍን ወርቅ ወጣላቸው። ክብደቱ 69 ኪሎ ግራም። ይህን ስትሰሙ ትልቅ አለት ታስቡ ይሆናል። ወርቅ ግን ከውሃ 19 ጊዜ በላይ ስለሚከብድ፣ ያ ሁሉ ቢቀልጥ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አይሞላም። «ዌልካም» ብለው ሰየሙት፤ እንኳን ደህና መጣህ ማለት ነው። በማግስቱ ዓመት ለንደን ውስጥ ቀለጠና ሶቨሪን የሚባለው የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም ተመታበት። አንዱ ሶቨሪን 7.3 ግራም ያህል ንጹሕ ወርቅ ይይዛል፤ ሒሳቡን ሥሩት፣ ከ9,000 በላይ ሳንቲም ይወጣዋል።

እንግዲህ ዛሬ ዌልካም ነው ብሎ የሚያሳያችሁ ሁሉ የሚያሳያችሁ ቅጂ ነው። ዋናው የለም። ሳንቲም ሆኖ በገበያ ተበትኗል። ስለ ሶቨሪን ሂል የምናወራው ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ቦታው የወርቅ ዘመን ሙዚየም ነው፤ አብዛኛው ሕንፃው ግን የወርቅ ዘመን ሕንፃ አይደለም። በሩ ለሕዝብ የተከፈተው ኖቬምበር 29 ቀን 1970 ነው። ወደ 25 ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ ከ60 በላይ ቤቶችን አቁመው፣ ወርቅ ከተገኘበት ከ1851 ጀምሮ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን 10 ዓመታት ዳግም ሠርተውታል። መሬቱ እውነተኛ ነው፤ ከስሩ ተቆፍሯል። ከማሽኖቹ ብዙዎቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ብረቶች ናቸው። ቤቶቹ ከሥዕል፣ ከጋዜጣ ማስታወቂያ፣ ከንግድ መዝገብ ተነሥተው የተሠሩ ናቸው። ማስረጃ በጎደለበት ደግሞ ግምት አለ።

ብዙዎቻችሁ ሜልቦርን ውስጥ፣ ፉትስክሬይና አካባቢው ነው የምትኖሩት። ባላራት ከሜልቦርን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልጆቻችሁም በትምህርት ቤት ጉዞ ይሄዱበታል። አንዳንዶቹ የ1850ዎቹን ልብስ ለብሰው፣ እንደዚያ ዘመን ተማሪ ሁለት ቀን የሚማሩበት ፕሮግራም አለ። ልጁ ተመልሶ «ቤቱ እውነተኛ ነው ወይስ የፊልም?» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? በየደጃፉ አንድ ጥያቄ ያዙ፦ ይህ ነገር በቦታው የነበረ ነው፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፣ በማስረጃ ዳግም የተሠራ ነው፣ ወይስ የተገመተ?

ከዋናው መንገድ እንጀምር። የተቀዳው የባላራት ምሥራቅ ዋና መንገድ ከሚባለው ነው። ያ መንገድ ጠመዝማዛ ነበር፤ መሐንዲስ አልቀየሰውም። ሰው ወርቁ በሄደበት ድንኳን ተከለ፣ ነጋዴው በድንኳኖቹ መሃል ሱቅ ከፈተ፣ ጋሪው በሱቆቹ መሃል ሄደ፤ በቃ መንገድ ሆነ። መንግሥት በቀያሽ ያስለካው ከተማ ከዚያ በላይ ባለው አምባ ላይ ነው፤ የዛሬው የባላራት መሃል ከተማ እሱ ነው፣ ሰፊና ቀጥ ያለ፣ የድንጋይ ሕንፃዎቹ እስከ ዛሬ የቆሙ። የምሥራቁ መንገድ ግን እንጨትና ጨርቅ ስለነበረ እሳት ደጋግሞ በላው። ሙዚየሙ ዳግም የሠራው የጠፋውን ነው። የተረፈውንማ በእግር ሄዳችሁ ታዩታላችሁ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ብታዩ ጥሩ ነው።

ለእነዚህ ቤቶች ማስረጃው ምንድነው? በ1850ዎቹ ቁፋሮ ሜዳ ላይ ሠዓሊዎች ነበሩ። ኤስ ቲ ጊል የሕዝቡን ኑሮ በእርሳስና በውሃ ቀለም እየሣለ አሳትሟል፤ ዩጂን ፎን ጌራር ባላራት ራሱ ወርቅ ሲቆፍር ከርሞ የሣለው አለ። የዚያን ዘመን ፎቶግራፍም ትንሽ ተርፏል። ሥዕል ግን የፊት ገጽን እንጂ ጓዳን አያሳይም። የመስኮቱን ብዛት፣ የጽሑፉን ቅርጽ፣ የበረንዳውን ምሰሶ ከሥዕል ታገኛለህ፤ የምድጃው አቀማመጥ፣ የመደርደሪያው ጥልቀት፣ የጀርባው በር ከሥዕል አይገኝም። ስለዚህ እንዲህ ያለ መንደር ውስጥ ስትገቡ የፊቱን ከጓዳው የበለጠ እመኑት።

የቤቶቹን ፊት ከጎን ሆናችሁ እዩት። ከመንገድ ሲታይ ባለ ፎቅ የሚመስለው፣ ከጎን ሲታይ አንድ ግድግዳ ወደ ላይ ተቀጥሎለት ከኋላው ተራ የጎጆ ጣሪያ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህ የሙዚየሙ ማጭበርበር አይደለም፤ የዘመኑ ነጋዴ ራሱ እንዲህ ነበር የሚሠራው። የረዘመው ግድግዳ ማስታወቂያ መጻፊያ ነው። ውስጡ ግድግዳው ላይ ጆንያ ወይም አቡጀዲ ይወጠርና በላዩ ወረቀት ይለጠፋል፤ ኮርኒሱም አቡጀዲ ነው። በቆርቆሮና በሳንቃ መሃል ለሚገባው ነፋስና አቧራ መከለያ ርካሹ እሱ ነበር። ጉዳቱ ግልጽ ነው፦ ሻማ ወይም የዘይት መብራት ከነካው እሳቱ ከክፍል ክፍል በጨርቁ ላይ ይሮጣል። መንደሩ ለምን ደጋግሞ እንደነደደ ለማወቅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ከሱቆቹ በፊት ግን ድንኳን ነበር፤ ከድንኳንና ከሳንቃ ቤት መካከል ደግሞ የቅርፊት ጎጆ። ለጣሪያው የባሕር ዛፍ ቅርፊት ነው የሚፈለገው፤ እናንተ ለምታውቁት ዛፍ የዘመድ ዘመድ፣ ቅርፊቱ ወፍራምና ጭረታም የሆነ ዓይነት። አላላጡ እንዲህ ነው። ግንዱን ዙሪያውን ከታችና ሰው ቆሞ ከሚደርስበት ከላይ ትቆርጣለህ፣ በቁመቱ አንድ ጊዜ ትሰነጥቃለህ፣ በመጥረቢያ ጫፍ እየፈለቀቅህ ታወጣዋለህ። ጭማቂው በዛፉ ውስጥ በሚሮጥበት ወራት በቀላሉ ይላጣል፤ በደረቁ ወራት ግን ይበጣጠሳል። የወጣው እንደ ቦይ ስለሚጠቀለል እሳት ላይ ውስጡን ታሞቀዋለህ፤ ሲላላ መሬት ላይ ዘርግተህ ድንጋይ ትጭንበታለህ። ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላም ከላዩ ግንድ ተጭኖበት በጠፍር ወይም በእንጨት ሚስማር ይታሰራል፤ ያለዚያ ፀሐይ መልሳ ትጠቀልለዋለች። በቅርፊት የተሠራ ጭስ ማውጫ ካያችሁ ደግሞ ወደ ውጭ ያዘነበለ መሆኑን አስተውሉ፦ እሳት ሲይዘው ገፍተው ከቤቱ ለመለየት እንዲመች ነው።

ዳግም የተሠራ ቤት ከዋናው የሚለይበትን ምልክት ለማወቅ ዓይናችሁን ወደ ሦስት ነገር አሠልጥኑ። ሚስማሩ፦ የዚያ ዘመን ሚስማር በመዶሻ የተመታ ወይም ከላሜራ የተቆረጠ፣ ጫፉ አራት ማዕዘን ነው፤ ክብ የሽቦ ሚስማር የኋላ ዘመን ነው። የመጋዝ ጭረቱ፦ ሁለት ሰው ከላይና ከታች ሆነው የሚስቡት መጋዝ ቀጥ ያለ፣ ግን ያልተስተካከለ ጭረት ይተዋል፤ የክብ መጋዝ ጭረት እንደ ቀስተ ደመና ይጎብጣል። ሦስተኛው የእጅ መደገፊያውና የበሩ ስፋት ነው፤ ዛሬ ሕዝብ የሚገባበት ቤት ተሽከርካሪ ወንበር የሚያሳልፍ በር፣ የእሳት ጊዜ መውጫ፣ የማይነዝር የኤሌክትሪክ መስመር ያስፈልገዋል። እነዚህን ሰውሮ መሥራት ከቤቱ ራሱ የከበደ ሥራ ነው፤ ሲታዩም አይፈረድም።

ይፈረድ ከተባለ ግን በሌላ ነገር ነው። የዚህ መንደር መንገድ ንጹሕ ነው፤ ዛፍና ጥላ አለው። የ1850ዎቹ ሥዕሎች የሚያሳዩት ሜዳ ዛፉ ለድጋፍና ለማገዶ አልቆ የተራቆተ፣ ጉድጓድ ከጉድጓድ የተያያዘ፣ ውሃው የሸክላ ጭቃ የመሰለ ነው። ሽታውን ማንም ሙዚየም አይመልሰውም፤ ጎብኚም አይከፍልበትም። ስለዚህ የጎደለውን በሐሳብ ጨምሩበት።

ከቤቶቹ መሃል ቲያትር ቤት አለ፣ ቪክቶሪያ ይባላል፤ ስሙ በዋናው መንገድ ላይ ከነበረው የመጣ ነው። በ1856 ሎላ ሞንቴዝ የተባለችው ዝነኛ ዳንሰኛ እዚያ ተጫውታለች፤ መጥፎ የጻፈባትንም የጋዜጣ አዘጋጅ በፈረስ አለንጋ ገርፋዋለች። ይህን ለፈገግታ ያህል ነው።

ቀጥሎ ጉድጓዱ። ባላራትን ከሌሎች የወርቅ ሜዳዎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ወርቁ መጀመሪያ ከመሬቱ ላይ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ግን በጥንት ወንዞች አልጋ ውስጥ፣ ከላዩ በሸክላ፣ በአሸዋና ቀልጦ ፈስሶ በረጋ የእሳተ ገሞራ አለት ተቀብሮ እየጠለቀ ሄደ። በ1854 ቆፋሪዎች 30፣ 40፣ 50 ሜትር ይወርዱ ነበር፤ በእጅ፣ በውሃማ አሸዋ ውስጥ። መጀመሪያ ላይ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ይዞታ 8 ጫማ በ8 ጫማ ነበር፣ ማለትም 2.4 ሜትር በ2.4 ሜትር። ብቻውን የሚሠራበት አይደለምና ሰዎች ተቧድነው ነው የሚቆፍሩት።

ጉድጓዱ አራት ማዕዘን ነው። ግድግዳው በፍልጥ ሳንቃ ይያዛል፤ ሳንቃዎቹ አግድም እየተደረደሩ በየማዕዘኑ ጫፍ ለጫፍ ይጠላለፋሉ። ከሳንቃውና ከአፈሩ መካከል የተቦካ ሸክላ ይጠቀጠቃል። ይህ ሸክላ የሚረሳ ከሆነ ውሃ አሸዋውን ይዞ በሳንቃው ክፍተት ይገባል፤ ከሳንቃው ጀርባ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ ከዚያም ግድግዳው በአንድ ጊዜ ይገፋል። አደጋው ከላይ በሚወድቅ ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ ከጎን በሚመጣ ጭቃም ነው። ሙዚየሙ ውስጥ የጉድጓድ አፍ ላይ ያለውን መዘውር ስታዩ፣ ሁለት እጀታ ያለው ግንድ ገመድ ሲጠቀልል፣ ከስር ያለው ሰው ሕይወት በዚያ ገመድና በሁለቱ እጀታ ያዦች ትኩረት ላይ እንደነበረች አስቡ።

አየሩስ? ከላይ እንደ ትልቅ ቱቦ የተሰፋ አቡጀዲ በምሰሶ ላይ ይሰቀላል፣ አፉ ወደ ነፋስ ይዞራል፣ ጭራው እስከ ታች ይወርዳል። ነፋስ በሌለበት ቀን አይሠራም። ስለዚህ ከሰው በፊት ሻማ ይወርዳል። አየር 21 በመቶ ኦክስጅን ይይዛል፤ ወደ 16 በመቶ ሲወርድ ሻማው ይጠፋል፣ ሰው ግን ገና በሕይወት ይኖራል። የሻማው ጥቅም ያ ልዩነት ነው፤ ለመውጣት ጊዜ ይሰጣል። መንደሩ ውስጥ ሻማ የሚሠራበትን ቤት «ይህ ለልጆች ነው» ብላችሁ አትለፉት። በሞራ የሚነከረውን ክር ስታዩ ጧፍ የምታውቁ ሰዎች ወዲያው ይገባችኋል፤ ክሩ ይነከራል፣ ይንጠለጠላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይደገማል። ሞራው በጣም ከሞቀ አዲሱ ድርብ የቆየውን ያቀልጠዋል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ተጎርብጦ ይይዛል። የሞራ ሻማ ይጨሳል፣ ይሸታል፣ ሙቀት ባለበት ዋሻም ይጎብጣል። ያም ሆኖ የቆፋሪው መብራትም የአየር መመርመሪያውም እሱ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወራት ስትቆፍር ወርቅ ትድረስ አትድረስ አታውቅም። ፈቃዱን ግን ትከፍላለህ። በ1851 ሲጀመር በወር 30 ሽልንግ ነበር፤ በኋላ ቢቀነስም ክፍያው ወርቅ ላገኘውም ላላገኘውም አንድ ዓይነት ነው፣ ፖሊስም ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ወረቀትህን አሳይ ይላል። ፈቃዱ ከላይ በድንኳን የቀረ ሰው ከ40 ሜትር ጥልቀት ወጥቶ ይታሰራል። በመንደሩ ቀይ ካፖርት ለብሰው በከበሮ የሚሰለፉትንና ጠመንጃ የሚተኩሱትን ወታደሮች ልጆች ይወዷቸዋል። የእነሱ ዘመድ የሆኑት እውነተኞቹ ወታደሮች ዲሴምበር 3 ቀን 1854 ማለዳ ዩሬካ የተባለውን የቆፋሪዎች ምሽግ ሰብረው ገቡ፤ ከ20 በላይ ቆፋሪዎች ሞቱ። በማግሥቱ ዓመት ወርሃዊው ፈቃድ ተሽሮ በዓመት 1 ፓውንድ የሚከፈልበት የቆፋሪ መብት ወረቀት ተተካ፣ የመምረጥ መብትም ተከተለው። ቆፋሪዎቹ የሰቀሉት ባንዲራ ዋናው ተርፏል፣ በዚያው በባላራት ተጠብቆ አለ። ይህ እንግዲህ ቅጂ ያልሆነ ነገር ነው፤ ጊዜ ካላችሁ ሄዳችሁ እዩት።

የቻይናውያኑን ሰፈር ብዙ ጎብኚ በሩጫ ያልፈዋል። በ1855 የቪክቶሪያ መንግሥት ከቻይና በመርከብ ለሚመጣ እያንዳንዱ ሰው 10 ፓውንድ ቀረጥ ጣለ። መርከቦቹም ቀረጥ በሌለበት በደቡብ አውስትራሊያ፣ ሮብ በምትባል ትንሽ ወደብ ማራገፍ ጀመሩ፤ ከ15,000 በላይ ሰዎች ከዚያ ተነሥተው 400 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በእግራቸው ወደ ወርቁ ሜዳ ተጓዙ። ድንኳኖቹን፣ ቤተ መቅደሱንና የመድኃኒት ቤቱን ስታዩ ይህን ጉዞ ይዛችሁ እዩ፤ ካገር ርቆ መሄድ ምን እንደሆነ የሚነገረው ለማያውቅ ነው። በሜዳው ላይ ከሁሉ በፊት የነበሩት የዋዳዉሩንግ ሕዝቦች ናቸው፣ መሬቱ የእነሱ ነው፤ ፖሰም ከሚባለው የዛፍ ላይ እንስሳ ቆዳ የተሠራ ካባቸውን ቆፋሪዎች ለክረምቱ ብርድ ይገዟቸው ነበር።

ወደ ብረቱ እንምጣ። ስለ ሶቨሪን ሂል አንድ ነገር ብቻ አድንቁ ብባል እንፋሎቱን እላለሁ። ቦይለሮቹ በማገዶ ይነድዳሉ፣ እንፋሎቱ በቱቦ ይሄዳል፣ ሞተሮቹ በእውነት ይዞራሉ። በኤሌክትሪክ ቢያዞሯቸው ጎብኚው ባላወቀ ነበር፤ እነሱ ግን ከባዱን መርጠዋል። ምን ያህል ከባድ? ቦይለር ከመሥራቱ ከብዙ ሰዓት በፊት ቀስ ተብሎ ይሞቃል፤ ከቸኮሉበት ላሜራው እኩል ስለማይለጠጥ በመጋጠሚያው ያፈሳል። ከሁሉ የሚፈራው የውሃ መጉደል ነው። እሳቱ የሚያልፍበት ቱቦ ሁልጊዜ በውሃ መሸፈን አለበት፤ ውሃው ከላዩ ከሸሸ ብረቱ ይግልና ይጨማደዳል። ያኔ ደንግጦ ቀዝቃዛ ውሃ የሚጨምር ሰው ነገሩን ያባብሰዋል። ለዚህ ነው እሳት ነካሹ ዓይኑን ከውሃ ማሳያው መስታወት የማያነሣው። አነጋግሩት፣ ግን በአጭሩ።

ሞተሩም ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ሲነሣ ከታች ባሉት ትንንሽ ቧንቧዎች ውሃና እንፋሎት ፉጭ እያለ ይተፋል። ለትርኢት አይደለም። እንፋሎት ቀዝቃዛ ሲሊንደር ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፤ ውሃ ደግሞ አይታመቅም፣ ፒስተኑ ቢገፋው የሲሊንደሩን ክዳን ይሰብራል። ሞተሩ እስኪሞቅ ቧንቧዎቹ ክፍት ይቆያሉ።

ከዚሁ እንፋሎት በመንኮራኩር መሥሪያው ጣሪያ ስር ረዥም ዘንግ ይዞራል። ከዘንጉ የቆዳ ቺንጋ ወደየማሽኑ ይወርዳል፤ ቺንጋው ተጣምሮ ከሄደ ማሽኑ በተቃራኒው ይዞራል። እንጨቱን ለመጥረብና ለመብሳት ማሽን አለ፤ የመጨረሻው ሥራ ግን እሳትና ፍጥነት ነው። 1.2 ሜትር ስፋት ያለው መንኮራኩር ዙሪያው 3.77 ሜትር ነው። የብረቱ ቀለበት ከዚህ ትንሽ አንሶ ይበየዳል። ብረት በ600 ዲግሪ ሲግል ይህን ያህል ርዝመት ላይ ወደ 27 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል፤ በዚያ ክፍተት እንጨቱ ላይ ይወርዳል፣ እንጨቱ ጭስ ይተፋል፣ ውሃ ይፈስበታል፣ ብረቱ ተኮማትሮ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ቀለበቱ ከመጠን በላይ ካነሰ መንኮራኩሩን እንደ ሳህን ያጎደጉደዋል ወይም ዘንጎቹን ይሰብራል፤ ከሰፋ በመጀመሪያው ደረቅ በጋ ወልቆ ይወድቃል። እምብርቱ የተሠራበት እንጨት በደንብ ያልደረቀ ከሆነም ውጤቱ ያው ነው። መለኪያው እንግዲህ በዓይንና በሚሽከረከር ትንሽ ጎማ ነበር።

የኳርትዙ ማሽን ደግሞ ለእኛ ሰው ትርጉም አያስፈልገውም፦ ሙቀጫና ዘነዘና ነው። ወርቅ በነጭ ድንጋይ ውስጥ ተጣብቆ ሲገኝ ድንጋዩ መወቀጥ አለበት። እንዲህ ያሉት ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሙቀጫ 5 ዘነዘና ይዘዋል፤ አንዱ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተነሥቶ በራሱ ክብደት ይወድቃል፣ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ጊዜ። የሚያነሡት ክንፎች ዘነዘናውን ከመሃሉ ሳይሆን ከጎኑ ነው የሚይዙት፤ ስለዚህ በተነሣ ቁጥር ጥቂት ይዞራል፣ የታችኛው ጫማም እኩል ያልቃል። ዘነዘናዎቹ በተራ አይወድቁም። ከዳር እስከ ዳር ተከታትለው ቢወድቁ ድንጋዩ ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ይገፋል፤ አንዱ ሲወድቅ ቀጣዩ ከራቀ ቦታ ይሆናል። ድምፁን አዳምጡ፣ ቅደም ተከተሉን በጆሮ ትለዩታላችሁ። የደቀቀው በወንፊት አልፎ ከውሃ ጋር ባዜቃ (ሜርኩሪ) በተቀባ የመዳብ ጠረጴዛ ላይ ይፈስሳል፤ ባዜቃው ወርቁን ይይዛል፣ አሸዋው ያልፋል። ከዚያ ጥፍጥፉ ተፍቆ በተዘጋ የብረት ዕቃ ይሞቃል፤ ባዜቃ በ357 ዲግሪ ይተንናል፣ ወርቁ ይቀራል። ይህን የመጨረሻውን ክፍል በቃል ብቻ ነው መማር ያለባችሁ። የባዜቃ ጭስ አይታይም፣ አይሸትም፣ ነርቭና ኩላሊት ይጎዳል። አገር ቤት በወርቅ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሯቸው፤ በመጥበሻ ላይ ቤት ውስጥ የሚደረግ ሥራ አይደለም።

ከመሬት በታች ስትወርዱ ለጎብኚ የተዘጋጀ ዋሻ መሆኑን አትርሱ፤ በቁፋሮ ዘመኑ በዚህ ስፋትና በዚህ ብርሃን የሠራ የለም። ከዚህ በተቃራኒ ያለውን ማየት የሚፈልግ ሌላዋ የቪክቶሪያ የወርቅ ከተማ ቤንዲጎ ይሂድ። እዚያ ሴንትራል ዴቦራ የተባለው ማዕድን ከ1939 እስከ 1954 በእውነት የሠራ፣ ከ400 ሜትር በላይ የጠለቀ ጉድጓድ ነው። ባላራት ሲበዛ ታሪኩን ያስረዳል፤ ቤንዲጎ ሲበዛ ቦታውን ያስነካል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ለሚለኝ፣ ከልጅ ጋር ባላራት፣ ከአዋቂ ጋር ቤንዲጎ እላለሁ።

ከረሜላ ቤቱን በአጭሩ፣ ወረፋው ረዥም ስለሆነ። ስኳርና ውሃ ከጥቂት አሲድ ጋር እስከ 150 ዲግሪ ይፈላል፣ ዘይት በተቀባ ብረት ጠረጴዛ ላይ ይፈስሳል፣ እየታጠፈ ይቀዘቅዛል፣ ለስላሳ ሳለ ቅርጽ በተቀረጸባቸው ሁለት የናስ ጥቅል መሃል ያልፋል። አሲዱ ስኳሩ መልሶ እንዳይረጋ ነው፤ የድስቱ ጎን ላይ አንዲት የስኳር ቅንጣት ቀርታ ብትወድቅበት ሁሉንም ታረጋዋለች። እርጥበት ያለው ቀን ከሆነ የገዛችሁትን ከወረቀቱ ሳትለዩት ትበሉታላችሁ።

ወርቁ የሚፈስበት ቤት ውስጥ ያለው ወርቅ እውነተኛ ነው። አንዱን ወርቅ ነው ደግመው ደጋግመው የሚያቀልጡት፤ ወርቅ በእሳት አይዝግም፣ አይጎድልም። በ1,064 ዲግሪ ይቀልጣል። 3 ኪሎ ግራም ወርቅ መጠኑ ከሁለት ሲኒ ቡና አይበልጥም፤ የሚወጣውም ጡብ ያን ያህል ነው። የምታዩት ሰው ብረት ቅርጹን አስቀድሞ ያሞቀዋል፤ ምክንያቱ እርጥበት ነው። ጠብታ ውሃ ከቀለጠ ወርቅ ስር ብትገኝ በቅጽበት እንፋሎት ሆና ወርቁን ወደ ላይ ትረጨዋለች። ከፊት ወንበር መቀመጥ አያስፈልጋችሁም፤ ከኋላም ያበራል።

በመጨረሻ ወደ ወንዙ። እዚህ ሁሉም ሳፋ ይይዛል፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ግን ወርቁን ራሱ ደፍቶት ይሄዳል። ወርቁን ሙዚየሙ ራሱ ይጨምርበታል፣ ይህ ምሥጢር አይደለም፤ ያገኛችሁት የእናንተ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የልጆቹን እጅ እጠቡ፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት የነካው ውሃ ላይ ደቃቅ ወርቅ እንደ ብናኝ ይንሳፈፋል። ከላይ ያለውን አሸዋ ተዉት፣ ከስር ጠጠሩን ዝቁ፤ ወርቅ ከታች ነው የሚተኛው። ሳፋውን እስከ ግማሽ ሙሉ፣ ውሃ ውስጥ አስገቡት፣ ሸክላውን በጣት አፍርሱት። ሸክላ ሳይፈርስ ከተደፋ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ትልልቁን ጠጠር አጥባችሁ ጣሉ። ከዚያ ሳፋውን ሳታዘነብሉ፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ ቀኝና ግራ ነቅንቁት፤ ከባዱ የሚወርደው ያኔ ነው። እህል ስታንገዋልል ያያችኋትን እናት አስታውሱ፤ እጅዋ ይዞራል እንጂ አይወረውርም። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ የላይኛውን ብቻ በውሃ ማስወሰድ። ሦስት አራቴ ካስወሰዳችሁ በኋላ እንደገና አስተካክላችሁ ነቅንቁ።

ሁለት ማንኪያ ያህል ጥቁር አሸዋ ሲቀር ፍጥነታችሁን ቀንሱ። ጥቂት ውሃ ጨምራችሁ ሳፋውን በቀስታ አዙሩ፤ አሸዋው ይሸሻል፣ ወርቁ ከኋላ ይቀራል። ቢጫ ስታዩ በእጃችሁ ጥላ አጥሉበት፦ በጥላ ውስጥም ቢጫ ሆኖ ከቀረ ወርቅ ነው፤ ብልጭታው ከጠፋ ሚካ የሚባለው ልጥ ድንጋይ ነው። ቅንጣቷን በደረቅ ጣት ጫፍ ጫን በሏት፣ ትጣበቃለች። ጣታችሁን ውሃ በሞላው ብልቃጥ አፍ ላይ ንከሩት፣ ራሷ ለቅቃ ትሰምጣለች። ብልቃጡ ባዶና ደረቅ ከሆነ ግን ከጣታችሁ አትላቀቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን ሙሉ።